የካቺሲ ቆላ እስስቶች

አባቴ ጡረታ የወጣው በ2007 ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖሮ ጋቢ አልብሰው፣ የግድግዳ ሰዓት አስታቅፈው ሸኙት። የአምቦ ሰው ጡረተኛ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ያውቃል። ወይ ግቢው ውስጥ ክፍሎች ሠርቶ ለተማሪ ያከራያል፣ ወይ ሁለት ላም ያረባል፣ ወይ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ሆኖ የተጣላ ያስታርቃል። አባቴ ሽማግሌነቱን ቀድሞም ይዞታል። የቀረውን ጊዜውን በሙሉ ግን ለእስስት ሰጠው። እኔ፣ ሴት ልጁ፣ ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ተቀጥሬ ከወላጆቼ ጋር ነበር የምኖረው፤ ወንድሞቼ አግብተው ወጥተዋል። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ያየሁት እኔ ነኝ። ባላየው ደስ ባለኝ።

ነገሩ የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። አባቴ ገና ጎረምሳ እያለ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደበው ካቺሲ ነበር። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ምድሩ ወደ ቆላው ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ቁጥቋጦ ላይ ያያት እስስት፣ ባደገበት በደንዲ ሐይቅ ዳር ከሚያውቃት እስስት ጋር አልመሳሰል አለችው። ራሷ ላይ ያለው ቁር መሰል ጉብታ ከፍ ይላል። ከጀርባዋ ላይ የሚወርደው መጋዝ መሰል ጥርስ እስከ ጭራዋ ይቀጥላል፤ የደንዲዋ ግን መሐል ላይ ይደበዝዛል። ይህን ለማንም አልነገረም። ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ አገባ፣ ወለደ፣ አስተማረ። ነገር ግን ያቺን እስስት አልረሳም።

ጡረታ በወጣ በወሩ ካቺሲ ሄዶ ተመለሰ። በካርቶን ውስጥ ሁለት እስስቶች ይዞ መጣ፤ እናቴም ጮኸች።

እናቴ እስስት ትፈራለች። እሷ ባደገችበት ሰፈር እስስት ጥርስህን ካየች ጥርስህ ይረግፋል ይባል ነበር። ከጓሮ አጥር ላይ አንዲት ካየች በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነው የምታልፈው። ሃይማኖተኛ ነሽ እንዲህ ዓይነት ነገር ታምኛለሽ ወይ ስላት፣ «አላምንም፤ ግን ጥርሴን እፈልገዋለሁ» ትለኛለች።

አባቴ ግን ማታ ማታ ከእራት በኋላ የሚያስተምረው እሷን ነበር። እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለማፈጥ ጥሩ ተማሪ አልነበርኩም። እሷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገብታ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የበሽተኛ ስም ስትጽፍ ኖረች። ጎመን እየቀነጠሰች ታዳምጠዋለች። እሱ ከላይ ይጀምርላታል። እንስሳት ሁሉ አንድ ስፍን፣ ከሁሉ የሰፋው መደብ፣ ናቸው። ከዚያ ባለ አከርካሪዎቹ፣ ከዚያ ገበሎዎቹ፣ ከዚያ ባለ ቅርፊቶቹ፣ ከዚያ የእስስት አስተኔ፣ ማለት ቤተሰቧ። አስተኔው ወደ ወገን ይከፈላል፣ ወገኑ ወደ ዝርያ። በሳይንስ አጠራር የእኛ አገር ደገኛዋ እስስት የገባችበት ወገን «ባለ ሦስት ቀንድ» ይባላል፤ እሷ ግን አንድም ቀንድ የላትም።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለው ጠሯት?» አለችው እናቴ።

«የሩቅ ዘመዶቿ ቀንድ አላቸው።»

«እና በዘመድ ቀንድ ትጠራለች? ምስኪን።»

ያስቀው ነበር። በመምህርነቱ ዘመን መጽሐፉ ላይ የነበረው ስም ሌላ እንደነበርም ነገራት። አንድ ሙሉ ወገን ለሁለት ሲከፈል እሱ አልሰማም፤ እዚህ ያለው መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ ስንት ዓመት የተሳሳተ ስም ሲያስተምር ኖሯል። ይህን ሲናገር ፊቱ ይጠቁር ነበር። ከተሳሳተው ስም ይልቅ ማንም ሊነግረው አለመፈለጉ ነበር የሚያመው።

የሚፈልገውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። የካቺሲ ቆላዋ እስስት ከደንዲዋ ጋር ወገኗ አንድ፣ ዝርያዋ ግን የተለየ መሆኑን ማስመስከር ነው። ሁለቱም እንቁላል አይጥሉም፤ ቆላዋም እንደ ደገኛዋ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ስለዚህ ወገኗ ላይ ጥርጥር የለውም። ዝርያዋ ግን እስከ ዛሬ በየትም አልተጻፈችም ብሎ ያምን ነበር። ከተመሰከረላት ስም ይወጣላታል። ሰው ያገኘውን እንስሳ በራሱ ስም አይጠራም፤ ነውር ነው። ለሚወደው ሰው ግን መስጠት ይችላል።

«ያንቺን ስም ነው የምሰጣት» አላት አንድ ማታ።

«ስሜን ለእንሽላሊት?» ብላ ጎመኑን ወረወረችበት። በማግስቱ ግን ለጎረቤታችን ስትነግራት ሰማኋት፤ የምትኮራ ነበር የምትመስለው።

ለአንድ ዝርያ ምስክር የሚሆኑት ሙታን ናቸው። ከቆላውም ከደጋውም በርከት ያለ እስስት ተይዞ፣ ተገድሎ፣ አልኮል ውስጥ መቀመጥ አለበት። አባቴ መግደሉን አይወደውም ነበር፤ ከገደላቸው በኋላ ምሳ አይበላም። አልኮሉን ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። መንገድ ሲዘጋና አልኮል ሲጠፋ ግን ጉደር ድረስ ሄዶ «ዳግም» የሚባለውን ብርቱ አረቄ በጄሪካን ይዞ ይመጣል። የጸሎት ቤት ሽማግሌ ጄሪካን ሙሉ አረቄ ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ አስቡት። አንድ ምእመን አይቶት ጉዳዩ ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ቀርቦ ነበር። እናቴ ጉባኤው ፊት ቆማ፣ «አረቄውን የሚጠጡት እስስቶቹ ናቸው» አለች። ሳቁና ተዉት።

ሁሉም ግን እንደዚያ የሚያስቅ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት አምቦ ውስጥ ሰው ሁሉ ሰውን ይመዝን ነበር። ትናንት ከማን ጋር ነበርክ፣ ዛሬ ከማን ጋር ነህ ይባላል። እስስት ማለት ደግሞ ስድብ ነው። አንድ ቀን ከጊንጪ ሲመለስ ፍተሻ ላይ ቦርሳውን አስከፈቱትና ጠርሙሱን አወጡ። «አባት፣ ይሄ ለማን ነው? ማንን ልትሰድብበት ነው?» አሉት። ስለ ስፍንና ስለ አስተኔ ሲያስረዳቸው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አቆሙት። ቤት ሲገባ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀለሟን ሳይሆን ቅርፊቷን ተመልከቱ ብላቸው ማንም አልሰማኝም።» አልኮል ውስጥ ቀለም አይቆይም። አረንጓዴውም ቡናማውም አመድ ይሆናል። ስለዚህ እሷን የሚመድባት ሰው ቀለሟን ጨርሶ አይቆጥርም።

የሚቆጠረው ቅርፊትና ቦታ ነው። ከየት እንደተያዘች የማይታወቅ እስስት ዋጋ የላትም። አባቴ በእያንዳንዷ እግር ላይ በክር ትንሽ ወረቀት ያስራል፤ ወረቀቱም ከእሷ ጋር አልኮሉ ውስጥ ይገባል። የተያዘችበትን ቦታና ቁጥሯን የሚጽፍበት በእርሳስ ነው። ሌላ ቦታ የመዘገበው ቁጥርና ልኬት ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር።

የቀድሞ ተማሪው የነበረ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጥቶ ሊያያቸው፣ የሚሆኑ ከሆነ አዲስ አበባ ወስዶ ሊያስመረምራቸው ቃል ገባ። አባቴ ያኔ እግሩ በስኳር በሽታ ተጎድቶ ወደ ቆላው መውረድ አቁሟል። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ አሽጎ ተቀመጠ። እንግዳው ሊመጣ ሲል መንገድ ይዘጋል፤ መንገድ ሲከፈት ስልክ ይቋረጣል። ካርቶኑ ሳሎናችን ጥግ ላይ ወራት ቆየ። አባቴ በየቀኑ እሱን እያየ ቁርሱን ይበላል።

አንድ ሰሞን ደንዲ ዘመድ ሞቶበት ለቅሶ ሄደና እዚያው ሰነበተ። እናቴ ያደረገችውን ያደረገችው ያኔ ነው። ካርቶኑን ፈታችው። እንግዳው ትልቅ ሰው ነው፤ የሚያየው ነገር ንጹሕ ይሁን ብላ ነው። ጠርሙሶቹን ልትወለውል ስታወጣ ወረቀቶቹ በእርሳስ የተጻፉ ሆነው አገኘቻቸው፤ ጠርዛቸው የተጨማደደ፣ ጽሕፈታቸው የተንጋደደ። የካርድ ክፍል ሰው ናት። በእሷ ዓለም በእርሳስ የተጻፈ ነገር ማስረጃ አይደለም፤ ማንም ላጲስ ይዞ መጥቶ ያጠፋዋል። ሕይወቷን ሙሉ አለቆቿ «በእስክሪብቶ!» ሲሏት ነው የኖረችው። ስለዚህ አዲስ ነጭ ወረቀት ቆረጠች። እያንዳንዱን ቃል በቃል በሰማያዊ እስክሪብቶ ገለበጠችው። ጽሕፈቷ የሚያምር ነው። አሮጌዎቹን ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ እስስቶቹን አንድ በአንድ ከጠርሙስ አውጥታ፣ ከእግራቸው ክሩን ፈትታ፣ እንደገና አስራለች፤ ካርቶኑንም እንደነበረ መልሳ አሽጋዋለች። በአጥር ላይ ስታያቸው አፏን የምትሸፍነው ሴት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አላየሁም። ለማንም አልተናገረችም። እንግዳው ፊት ልታስደንቀው ፈልጋ ነበር።

እንግዳው የመጣው አንድ ቅዳሜ ነው። አባቴ ኮቱን ለብሶ ጠበቀው። እኔ ጠረጴዛውን አስተካከልኩ፣ እናቴ ጓዳ ገባች። አባቴ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከጋዜጣው አወጣ። ውኃው ሰማያዊ ነበር። ደብዘዝ ያለ፣ የታጠበ የተማሪ ልብስ ውኃ የመሰለ ሰማያዊ። ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። እስስቶቹ እርስ በርስ ተደራርበው፣ በእያንዳንዷ እግር ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ታስሯል። ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ሁለተኛውን አወጣ፤ እንደዚያው። ሦስተኛውን አውጥቶ ጠርሙሱን በኮቱ እጅጌ ጠረገው። ከደጋውና ከቆላው የመጡት ለየብቻ ጠርሙስ አልነበራቸውም፤ ጠርሙስ ስላጠረው በመጠናቸው ነበር የደረደራቸው። በወረቀቶቹ ተማምኖ ነው።

ያኔ እናቴ ትሪ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ በርቷል።

«ያንን የእርሳስ ጽሑፍ ሁሉ በእስክሪብቶ ገለበጥኩት» አለች ለእንግዳው። «እሱ እንኳን ገና አያውቅም። እንደዚያ ሆኖ እንዴት ትልቅ ቦታ ይቀርባል?»

አልኮል የእስክሪብቶ ቀለም ያሟሟል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ከአባቴ ፊት ነው የተረዳሁት። እሷ ከቆመችበት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አይታያትም፤ ዓይኗም ደክሟል። አባቴ ጠርሙሱን በጋዜጣው መልሶ ጠቀለለው። ቀስ ብሎ ነው የጠቀለለው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«እጅሽ ይባረክ» አላት።

እንግዳው አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። ብልህ ሰው ነው። «ጽሕፈትዎ በጣም ያምራል፣ እናቴ» አለ። ምሳ ተበላ። እናቴ ጨምሩ እያለች አጎረሰቻቸው። ከምሳ በኋላ ሁለቱ ካርቶኑን ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑት። እናቴ በር ላይ ቆማ እጇን አውለበለበች። ካርቶኑ የትም እንደማይደርስ የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

መኪናው ከሄደ በኋላ አባቴን ከጓሮ አገኘሁት። ተናድጄ ነበር። ለምን አልነገርካትም አልኩት። እኔ ብሆን ጠርሙሱን አፍንጫዋ ሥር አደርግላት ነበር፤ እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ እንዲህም አልኩት።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲያዝን በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ። «በእጇ እኮ ነካቻቸው።»

«እሺ፣ ቅርፊታቸውን ቆጥረህ እንደገና ለያቸዋ። የትኛዋ የየት እንደሆነች አንተ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ግን ሌላው አያውቅም። እንደሚለያዩ ላረጋግጥ ከየት እንደመጡ ማሳየት አለብኝ። ከየት እንደመጡ ለማወቅ መለያየታቸውን ከተጠቀምኩ ራሴን ነው የምጠቅሰው። ይሄ ማጭበርበር ነው።»

«እንደገና ሰብስብ።»

እግሩን አሳየኝ። የካቺሲ መንገድም ያን ጊዜ ማንም በሰላም የሚሄድበት አልነበረም። ያ ቁጥቋጦ ራሱ ለማገዶ እየተመነጠረ እንደሆነ ከዚያ የመጡ ሰዎች ነግረውታል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ። ማልኩ፤ ግን አልተስማማሁም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። አባቴ ክፉ አልሆነም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ይታዘዛት ነበር። ገበያ አብሯት ይሄዳል፣ መድኃኒቷን ያስታውሳታል። ስለ እስስት ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። ከእራት በኋላ ስለ አየሩ፣ ስለ ዘይት መወደድ፣ ስለ ጸሎት ቤቱ ጣሪያ ያወራል። እናቴ መጀመሪያ መጀመሪያ ትጠይቀው ነበር። «ከአዲስ አበባ ምን አሉ?» ትለዋለች። «ጊዜ ይፈልጋል» ይላታል። አንዴ ስለ አንድ ወገን ጀምራ ልትጠይቀው ስትል፣ «ተይው፣ ይሄ አድካሚ ነገር ነው» አላት። ልትጎዳ እንደምትችል ፈርቶ ነው። እሷ ተነሥታ ሣህኖቹን ሰበሰበች። ከዚያ ወዲህ ጠይቃው አታውቅም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞተ። ስኳሩ ኩላሊቱን ነካው። በቀብሩ ላይ ተማሪዎቹ ብዙ ተናገሩ፤ ስለ እስስት የተናገረ ግን የለም። እኔ ተቆጥቼ ነው የቀበርኩት፤ በማን ላይ እንደተቆጣሁ አላውቅም ነበር።

እናቴን አልነገርኳትም። መሐላው አስሮኝ ብቻ አይደለም፤ እሷም አትጠይቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ሬዲዮ ላይ በሌላ የአገራችን ክፍል ስለሚኖሩ እንስሳት ሲወራ ሰማች። ያን ቀን ከሥራ ስገባ ነጠላዋን ለብሳ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«አዲስ አበባ ውሰጂኝ» አለችኝ። «ጠርሙሶቹን ማየት እፈልጋለሁ። ስም አውጥተውላት ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው የለም። ጽሕፈቴን አይቼ ልመለስ። ከእሱ የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

ቀጠሮ ሰጠኋት። ሌላ ቀጠሮ ሰጠኋት። መኪና የለም አልኩ፣ ፈቃድ ከለከሉኝ አልኩ። እሷ ግን በየእሑዱ ከጸሎት መልስ ትጠይቀኛለች። ዓይኗ ጨርሶ እየጠፋ ነበር፤ ሳይጠፋ ማየት ትፈልጋለች። በመጨረሻ አልቻልኩም። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። እስክሪብቶው እንደሟሟ፣ ውኃው ሰማያዊ እንደነበር፣ እንግዳው ካርቶኑን ለይስሙላ እንደወሰደው። ለቆላዋ እስስት ስም እንዳልወጣላት፣ እንደማይወጣላትም።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ያኔውኑ ነው ያወቀው። ትሪውን ይዘሽ ስትገቢ።»

«ያ ዋቃ» አለች። አምላክን በኦሮምኛ እየጠራች ወደ እኔ አየች፤ በደከመው ዓይኗ ምን ያህል እንዳየችኝ አላውቅም። «እና ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ትሪ ላይ ስንበላ…»

«አዝኖልሽ ነው፣ እማዬ። እንዳትጸጸቺ ብሎ ነው። ስለሚወድሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። ስትናገር ድምፅዋ ቁጣ ነበረው፤ እንደዚያ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም።

«በተቆጣኝ! ስድብም አያንሰኝም ነበር። አብረን እናለቅስ ነበር፣ ከዚያ ያልፋል። እኔ እኮ ንቆኝ ነው ያልኩት። ያ የዩኒቨርሲቲ ሰው ከመጣ በኋላ ነው ማውራቱን የተወው። ከተማረ ሰው ጋር ካወራ በኋላ እኔ አነስኩበት፣ ስምንተኛ ክፍል ያቆመች ሴት ምን ይገባታል ብሎ ነው አልኩ። እስኪቀበር ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ እንኳን…»

አልጨረሰችውም። በግራ እጇ ነጠላዋን እየጨመቀች ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ይገባኝ ነበር እኮ» አለች። «ሁሉም ይገባኝ ነበር።»